ያላረፈችው መርከብ

ኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት ነጭ የጠፈር መርከብ በጨለማው መሐል ቆማለች። ከቆመች ወራት አልፈዋል። ኮከቤ በየጠዋቱ ኮምፒዩተሩን ትከፍታለች፤ መርከቧ መኖሯን ታያለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች። ከዚያ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ጭሮ ገበያ ትወርዳለች።

ዛሬ ግን አልወረደችም። የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ ግቢው ውስጥ ቃሏን ይጠብቃሉ።

የኮምፒዩተሩን ጨዋታ ያስተማራት ልጇ ኢዛና ነበር። ፕላኔት እየመረጡ ሰው ማስፈር ነው። የመጀመሪያ ቀን ነገሯ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅ ከርሟል፤ ሰፋሪዎቹን ካሳፈረች በኋላ ማውሱን ይዛ ስክሪኑን ከዳር እዳር ስታስስ ቆየችና፣ «ስንቃቸውስ?» አለች።

«እማዬ፣ ስንቅ የሚባል የለውም።»

«እንግዲያው አይሄዱም» ብላ አወረደቻቸው። ከዚያ ወዲያ እህል ስታከማች ሰነበተች እንጂ አንድም ሰው ከአገሯ አልወጣም።

ኢዛና ሳቁ ሲያልፍለት የጀማሪን ደንብ ነገራት። «ቤትሽን ማጥገቡን አውቀሽበታል። ቀጥሎ ቃኚ መርከብ ላኪ፤ ያላየሽው ፕላኔት ላይ ሰው አይላክም። ቅርቡን፣ ውሃ ያለውን አስቀድሚ። የሰፋሪ መርከብ ደግሞ አንዴ ካረፈች አትመለስም። እዚያው ፈርሳ ቤት ትሆናለች።»

«ቢናፍቃቸውስ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ እማዬ!»

ከአካባቢያቸው ቦታዎች እየወሰደ ለፕላኔቶቹ ስም የሚያወጣው እሱ ነበር። የሚያቃጥለውን ቦርደዴ፣ ደረቁንና ጭር ያለውን አሰቦት አላቸው። የመጨረሻዋን መርከብ ልኮ፣ ለመድረስ አንድ ዙር ብቻ ሲቀራት፣ «ሳልደውልልሽ እንዳታሳርፊያት፤ ስሙን አብረን እናወጣለን» አላት። በማግስቱ እሱ ራሱ፣ ቃኚ ሳይልክ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ሄደ።

ስልክ የደወለው ግን ዘይኑዲን ነው፣ የጎረቤቷ የዙህራ ወንድም። ከጅቡቲው ወደብ ከኦቦክ የተነሳችው ጀልባ መስጠሟን ነገረ። ኢዛና ሲሳፈር በዓይኑ አይቶታል።

ኮከቤ አላለቀሰችም። በማግስቱ ገበያ ወርዳ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ስትለይ ዋለች። ሽንኩርቱ እንኳ ዓይኗን ማቃጠል ትቷል። ጨዋታው ካልነኩት አይንቀሳቀስም፤ ዙሩን የሚጨርሰው ምልክት ካልተጫነ እዚያ ቀን አይመሽም። እሷም አልነካችውም።

ሬሳው ያልተገኘ ሰው ድንኳን የሚተከልለት እናት ስትፈቅድ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ መኮንን ይህን ለመጠየቅ በየእሑዱ እየመጡ፣ አንዴ ስለ ዝናቡ፣ አንዴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተው ይመለሱ ነበር። ነገር አዋቂ ናቸው ይባልላቸዋል። ዛሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ሲያዩ ቆዩ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል።

«ወይዘሮ ኮከቤ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጁ የእኛም ነው። እኛስ መቼ እናልቅስለት?»

«ድንኳኑ ከተተከለ ሞተ ማለት ነው።»

«ካልተተከለስ?»

ኮከቤ ወደ ቤት ገባች። ዙህራ ተከትላት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አቦ፣ ኮከቤ፣ አልፈልግም ካልሽ ንገሪኝ። ሁሉንም ከነብረታቸው እመልሳቸዋለሁ።»

ኮከቤ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። መርከቧ አለች። እጇን አየችው፤ ማውሱ ላይ ያረፈው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር፣ ጥፍሩ ሥር የሽንኩርት ልጣጭ ያለበት። የሚያመኝ ነገር ይኖራል ብላ ጠበቀች። አልነበረም። እጁ ምልክቱን ተጫነ።

መርከቧ ሄደች። ፕላኔቱ ላይ ዝቅ አለች፤ ከዚያ ጠፋች፤ በጠፋችበት ቦታ አንዲት ትንሽ መብራት በራች። ስክሪኑ መሐል ባዶ ሳጥን መጣ።

ኮከቤ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። «አቶ መኮንን፣ ትከሉት። በሩን ግን ወደ መንገዱ አዙሩልኝ።»

ብረቱ ሲንኳኳ ተሰማ። ዙህራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?»

«ስም አውጪለት ነው የሚለው።»

«ታዲያ ማን ልትዪው ነው?»

ውጭ የመጀመሪያው ካስማ ተመታ። ኮከቤ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ትንሿን መብራት አየች።

«ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ ስንቃቸውን ያውርዱ።»