በጥርስ የተያዘ ክር

ቅንድብ በክር የሚነቀለው በሁለት እጅና በአንድ አፍ ነው። ክሩ መሀሉ ላይ ይጠመዘዝና አንዱ ጫፍ ጣት ላይ፣ ሌላው ጥርስ መሀል ይገባል። ስለዚህ ቀንዳቢዋ ሥራ ላይ ሳለች መናገር አትችልም። ደንበኞቿ ይህን ይወዱላታል። ሳያቋርጥ፣ ሳይመክር የሚሰማ ሰው ሌላ የት ይገኛል? ሲነሱ ፊታቸው ቀልቷል፣ ልባቸው ቀሏል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱላት የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። የቤተሰቡን ጉዳይ ሁሉ የሚጨርሱት ፀጉር ቤት ውስጥ ባለው ወንበሯ ላይ ተንጋለው ነው። ቅዳሜ ጠዋትም መጡ፤ ከሰዓት ሠርግ ነበረባቸው። የቀኙ ቅንድብ አልቆ ግራው ሊጀመር ሲል፣

"እንግዲህ ልጅቷን ሰኞ እወስዳታለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ። "አያቷን እማማን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እንደሆነ ሥራ አለብኝ። ትምህርቱ የትም አይሄድ፣ ይቆያል።"

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰኞ ፈተና አለባት።

"እም!" አለች ቀንዳቢዋ እናቷ፣ ክሩን እንደ ነከሰች።

"ተባረኪ። ባለፈው ስነግርሽም እሺ ብለሻል። ወንድሜም 'እሷ እሺ ካለች ምን ቸገረኝ' ብሏል።"

ባለፈው! ባለፈውም "እም!" ነው ያለችው፤ ወሬ መስሏት ትታው ነበር። ባሏም ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ከርሟል። ደሟ ፈላ።

ክሩን ተፋችው። የወጣው ክሩ ብቻ አልነበረም፤ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከአፏ ያልተለየው "እርስዎ"ም አብሮ ወጣ።

"አንቺ!"

ጎን ያለችው ፀጉር ሠሪ ማድረቂያዋን አጠፋች።

"እኔን ነው?" አሉ ሴትዮዋ።

"አንቺን ነው! መቼ ነው እሺ ያልኩት? አፌ ውስጥ ክር ነበረ! እናትሽን በተራ እንጠብቅ፣ እኔም ተራዬን እገባለሁ። ልጄን ግን ከደብተሯ አላስነሳትም!"

"ኧረ ሰው ፊት! በይ መጀመሪያ ጨርሺልኝ፣ ሠርጉ ደረሰ።"

"ይቆያል። ቅንድብ የትም አይሄድ።"

መስታወት አቀበለቻቸው። አንዱ ቅንድብ በቀለም የተሰመረ ይመስላል፤ ሌላው የጫማ ብሩሽ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ንጹሑን ወለል መጥረግ ጀመረች።

"ለወንድምሽ ደውዪለት። ድምፁንም ክፈቺው።"

ደወሉ። "ልጅቷ ሰኞ አትመጣም" አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

"ምነው? እሺ ብላ የለም እንዴ?" አለ ባል።

"አላልኩም!" ብላ ጮኸችበት ሚስቱ። "አንተ ደግሞ ማታ፣ አፍህን ምን ይዞት እንደከረመ ትነግረኛለህ!"

አዲስ ክር ሳበች። ጫፉን ግን ጥርሷ መሀል አላስገባችውም፤ አንገቷ ላይ አሰረችው። ግራውን ቅንድብ ስትነቅል፣ በየፀጉሩ አንድ አንድ የቆየ ነገር አብራ ነቀለች። የሴትዮዋ እንባ ወረደ፤ ከክሩ ይሁን ከነገሩ አልታወቀም።

"አሁን የከንፈር ፀጉር። አፍሽን ግጠሚ።"

ገጠሙ።

"ሰኞ እማማ ዘንድ የምትውዪው አንቺ ነሽ።"

"እም!" አሉ ሴትዮዋ። "እም! እም!"

"ተባረኪ" አለች ቀንዳቢዋ።