ባሌ እምቢ ያላቸው ስድስት መኪኖች

ባሌ ሙሀመድሰዒድ በአንድ ወር ውስጥ ስድስት መኪና አይቶ ስድስቱንም እምቢ ብሏል። መኪና ስል ተራ መኪና እንዳይመስላችሁ፤ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ እዚህ አገር አርቪ የሚሉት ባለ ጎማ ቤት ነው። አዲሱንማ የት አባታችን አምጥተን፣ ያገለገለ ነው የምንፈልገው። ከኋላው ደግሞ የኔን ትሬይለር መጎተት አለበት። ትሬይለሩ ወጥ ቤቴ ነው፤ ኖርክሮስ ከተማ አንድ የገበያ ቦታ ላይ ፓርክ አድርጌ ሳምቡሳና ሩዝ በሥጋ እሸጥበታለሁ።

የመጀመሪያውን ሲመልስ አመሰገንኩት። የመጎተቻው ብረት የሚችለው አምስት ሺህ ፓውንድ ነው፤ የኔ ትሬይለር ውሃና ጋዝ ሲሞላ ስድስት ሺህ ያልፋል። ሁለተኛው ሻንሲው ከኋላ ተቀጥሎ የተበየደ ነበር። "ዳገት ላይ ተገንጥሎ ትሬይለርሽ ለብቻው ቁልቁል ይሄድልሻል" አለኝ። አመንኩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካንን በከባድ መኪና ያካለለ ሰው ነው። የሦስተኛው ጎማ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፣ የአራተኛው ካምቢዮ ዘይት አሯል። ይሁን። አምስተኛው ግን ቁመቱ በዛ ተባለ፣ ስድስተኛው ደግሞ ውሻ ውሻ ይሸታል። ያኔ ደሜ ፈላ። "ውሻው ነው እንዴ ትሬይለሩን የሚጎትተው?" አልኩት።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ኮለምበስ ኦሃዮ የሐበሻ የኳስ ውድድር አለ፤ አዘጋጆቹ የመሸጫ ቦታ ይዘውልኛል፤ መምጣት አለመምጣቴን እስከ ሰኞ ማሳወቅ ነበረብኝ። ከኳሱም ከሳምቡሳውም በላይ ግን ቃል ነበረን። እሱ መንገድ ላይ ሲኖር ልጃችንን ሁዳን ያሳደግኩት ብቻዬን ነው። "ጡረታ ስወጣ በሄድኩበት ሁሉ ይዤሽ እዞራለሁ፤ ያየሁትን ሁሉ ታያለሽ" ይለኝ ነበር በስልክ። ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ላይ ሰበብ ሲደረድርብኝ፣ ከኔ ጋር መሄዱን ጠልቶት ነው አልኩ። ብቸኝነት የለመደ ሰው፣ የጉዞውን ሦስት ሳምንት ከሚስቱ ጋር አንዲት ጎጆ ውስጥ መታጎሩ ከብዶት ይሆናላ! እውነቱን ልናገር፣ ሆድ ብሶኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁዳ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ሰባተኛውን ልናይ ወደ አቮንዴል እስቴትስ ሄድን። ኮሮላችንን የነዳሁት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ሁሌም እኔ ነኝ፤ እሱ ጎኔ ተቀምጦ የመኪናውን ወረቀት ላንብብ ይላል። መንገዱን ሙሉ አፌን አልሰበሰብኩም።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትለው ነው? መስታወቱ ያንጸባርቃል? ፈሪ! ከፈራህ ፈራሁ በል።"

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። እንዲህ ሲያደርገኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ባለ መኪናው አቶ ገሠሠ የሚባሉ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። "ከባለቤቴ ጋር አራት ዓመት ዞርንበት። አሁን የልጅ ልጅ ካቀፈች ወዲህ ከቤት ንቅንቅ አልልም ብላለች" አሉን። ሙሀመድሰዒድ ሰላምታውን እንደ ጨረሰ ከመኪናው ሥር ገባ። ሻንሲውን መታ መታ አደረገ፤ ደህና ነው። መጎተቻው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ይችላል። በሩ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ቁጥር አነበበ፣ እኛንም ዕቃውንም ውሃውንም ደመረ፤ ይበቃል። ጎማው አምና የተቀየረ ነው። የካምቢዮ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፤ ምንም አይልም። የትሬይለሩን ፍሬን ከሹፌሩ ወንበር የሚቆጣጠረው ትንሹ ሳጥን ሳይቀር ተገጥሟል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥፋት ፈልጎ አጣ። ፊቱን አየሁት፤ የፈለገውን ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም።

የዙህር ሰዓት ደረሰና መስገጃ ቦታ ጠየቀ። "ምን ገዶኝ፣ ቤታችሁ ነው" አሉ አቶ ገሠሠ። እጁንና ፊቱን አርቪው ውስጥ ታጠበ። እግሩን ግን እዚያች ጠባብ የመታጠቢያ ሳህን ላይ ማንሳት ስላቃተው ውጭ ወጥቶ ጫማውን አወለቀ። አቶ ገሠሠ አትክልት የሚያጠጡበትን ጎማ አቀብለውት የመኪናውን ቁልፍ ሊያመጡ ገቡ። ጎማው ከጠዋት ጀምሮ የጁላይ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ነበር። "ቆይ፣ መጀመሪያ ትኩሱ ይፍሰስ" ልለው አፌን ስከፍት ቀኝ እግሩ ላይ ለቀቀው።

አልተንቀሳቀሰም። በአንድ እጁ የመኪናውን ጎን ተደግፎ ዝም ብሎ ያፈስሳል። ፍንጣሪው ክንዴ ላይ ሲያርፍ እኔን አቃጠለኝ። ከዚያ ወደ ግራ እግሩ አዞረው። "እፍ!" ብሎ ዘለለና ጎማው ከእጁ ወደቀ።

ዝቅ ብሎ ቀኝ እግሩን አየ። እንደ በርበሬ ቀልቷል። ቀጥሎ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ኢንሱሊኑን የምወጋው እኔ ነኝ። እግሩ መደንዘዙን ግን ደብቆኛል።

ጎማውን አንስቼ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ሣሩ ላይ አፍስሼ፣ እግሩን ራሴ አጠብኩት። እኔም ታጥቤ ከኋላው ቆሜ ሰገድኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ እግሩ ላይ ነበር።

አቶ ገሠሠ ተመልሰው ቁልፉን ሰጡት። "እስቲ ወጣ ብለው ይሞክሩት፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።" ሙሀመድሰዒድ ተቀብሎ ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣ። እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። ሞተሩን ግን አላስነሳም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከረመዳን በፊት።"

"ለሐኪምስ ነግረሃል?"

"አልነገርኩም።" ቁልፉን መዳፉ ውስጥ እያገላበጠ ቀጠለ። "ኢስት ፖይንት ቀይ መብራት ላይ፣ ፍሬን የረገጥኩ መስሎኝ ቤንዚን ረገጥኩ። ፊቴ ያለችው መኪና ውስጥ ሕፃን ነበረች። ስንዝር ሲቀረኝ በእጅ ፍሬን አቆምኳት።"

"ያ ረቢ! ታዲያ ለምን አትነግረኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?" የጮህኩ መሰለኝ፤ አቶ ገሠሠ ወደኛ ዞር አሉ።

"ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለ ሙሀመድሰዒድ። "ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቂኝ አልኩሽ፤ ጠበቅሽኝ። አሁን ደግሞ መንዳት አልችልም ልበልሽ? አፍሬ ነው ነዚፋ። ጥፋቱ የመኪናው ይሁንልኝ ብዬ ነው። ደፍሬ አንዱን ብገዛው ደግሞ መንገዳችን ላይ ባለው የቴነሲ ቁልቁለት ገደል ይዤሽ እገባለሁ።"

ወር ሙሉ ሸሸኝ እያልኩ ስነዘንዘው፣ ለካ እሱ መኪኖቹን የሚመልሰው እኔን ላለመግደል ነው። ጠዋት ፈሪ ያልኩበትን አፌን በጥፊ ማለት አማረኝ። ግን እኔ ነዚፋ ነኝ፤ ማልቀስ ሲመጣብኝ ቁጣ ይቀድመኛል።

"ተነሥ" አልኩት።

"የት ልሂድ?"

"ከወንበሩ ተነሥ። እኔ እነዳለሁ። ሰኞ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፣ አንገትህን ይዤ።"

"ነዚፋ፣ ይሄ እኮ ኮሮላ አይደለም።"

"አንተስ ከእናትህ ሆድ ሹፌር ሆነህ ነው የወጣኸው? ተነሥ ብዬሃለሁ!"

ተነሣ። መንጃ ፈቃዴ ለዚህ መኪና እንደሚበቃ እንኳ የነገረኝ እሱ ነው። ቀስ ብዬ ከግቢው አወጣሁት። "አስፍተሽ ታጠፊ፤ ጭራዋ ረጅም ነው። መስታወት እዪ፣ መስታወት!" ይለኛል። መጀመሪያዋ ማዕዘን ላይ የአንድ ሰው ቆሻሻ መጣያ ጣልኩ። ወርጄ አንስቼ አቆምኩት፤ ምን ላድርግ። ስቶፕ ምልክቱ ጋ ስንደርስ ሙሀመድሰዒድ በዚያ በቀላው እግሩ ወለሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲረግጥ አየሁት።

"እኔ ረግጬዋለሁ" አልኩት። "አንተ እረፍ።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኑን በእጀታው ጠረገ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

ስንመለስ አቶ ገሠሠ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔ ከሹፌሩ ወንበር ስወርድ ገርሟቸዋል፤ ጥያቄውን ግን ለእሱ አቀረቡ። "እህሳ፣ አቶ ሙሀመድሰዒድ፣ ጉድለት አገኙበት?"

አንድ ሰበብ ብቻ ቢጥል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር፤ ኮለምበሱም፣ ቃሉም። እኔም ከሰው ፊት አላዋርደውም ነበር።

"መኪናው ምንም እንከን አይወጣለትም" አለ። "ጉድለቱ የኔ ነው። ቀኝ እግሬ ደንዝዟል፤ ፍሬን ይሁን ቤንዚን አይለይም። የምትነዳው እሷ ናት።"

ይህን ያለው ዛሬ ላወቀው ሰው ነው። ከገዛ ሚስቱ አምስት ወር የደበቀውን።

አቶ ገሠሠ አይዞዎትም፣ ወይኔም አላሉም። ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲያውስ ወይዘሮ ነዚፋ፣ ከመጀመሪያው ለእርስዎ ላሳይዎት" ብለው ወደ መኪናው ጀርባ ወሰዱኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለእሱ ያስረዱትን ሁሉ እንደ አዲስ ጀመሩልኝ። ሙሀመድሰዒድ ቀስ እያለ ተከተለን፤ ሹፌሩ ወንበር አጠገብ ያለው የፍሬን ሳጥን ጋ ስንደርስ ቆመ።

"ቁልቁለት ላይ ትሬይለሩ ከኋላ እንዳይገፋት ፍሬኑን የምታጠብቀው በየትኛው ነው?" አላቸው።

አስረዱት። እኔ ጠበቅኩ፤ እንደ ለመደው "አይ፣ ይሄማ" ብሎ የሚጀምር መስሎኝ።

"ጥሩ ነው" አለ። "እሷም በእጇ ነክታ ትየው።"