አሥራ ሁለት ደቂቃ

ብዙወርቅና ዘአማኑኤል ዓይንና ናጫ ከሆኑ ሁለት ዓመት አለፋቸው። አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረው ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እሱ በቴሌቪዥን የሚሰጠውን የፕላዝማ ትምህርት ከሚያዘጋጁትና ከሚቆጣጠሩት ጋር ተመርጦ ቢሮ ገባ፤ እሷ ከጠመኔዋ ጋር ቀረች። ማስተማር ስላቃተው ነው የሸሸው ትላለች፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

ሕጉ አጭር ነው። መምህር አምስት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ቴሌቪዥኑ ሠላሳ ደቂቃ ያስተምራል፣ በመሀል ድምፅ መዝጋት ክልክል ነው። የፕላዝማው ሰውዬ ግን በእንግሊዝኛ እየጋለበ «ሥሩት» ይልና ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሱ መልሱን ይነግራቸዋል። ብዙወርቅ አላስቻላትም፤ ድምፁን እየዘጋች በአማርኛ ስታስረዳ ተያዘች። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሁለተኛ ከተደገመ፣ ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው የምታስተምረውን ክፍል፣ አሥረኛ ዲን፣ ትነጠቃለች።

ሐሙስ ዕለት ዘአማኑኤል ራሱ ሊገመግማት መጣ። የግምገማ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ኋላ ተቀመጠ። እሷም ጥርሷን ነክሳ እንደ ሕጉ ዳር ቆመች። ጋዲሴ የምትባል ከቂሊንጦ በእግሯ የምትመጣ ልጅ እጇን አወጣች። ብዙወርቅ በኋላ ትጠይቂያለሽ አለቻት። ልጅቷ ግን ወደ ኋላ ዞረች።

«ለቲቸር አይፈቀድላቸውም፤ እርስዎ ያስረዱን። ኤክስ ስኩዌር ዘጠኝ ከሆነ ለምንድን ነው ሁለት መልስ ያለው?»

ብዙወርቅ በልቧ «ተዋረድ» አለችው። እሱ ግን ተነሥቶ ጠመኔ ያዘ። የሰውዬው ድምፅ ሲያስቸግረው ሪሞቱን አንሥቶ ዘጋው። ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመረ፣ መሀሉ ላይ ቤት ሣለ። «ሦስት እርምጃ ወደ ገበያ ሂጂ፤ ወይም ሦስት እርምጃ ወደ ወንዙ። ከቤትሽ የራቅሽው እኩል ነው። ስኩዌር ደግሞ ምን ያህል ራቅሽ እንጂ በየት በኩል ሄድሽ አይልም።» ከዳር እስከ ዳር ገባቸው። ሌላ ጥያቄ መጣ፣ ሌላም። ደስ ብሎት እስከ መጨረሻው አስተማረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠርቶ ቅጹን ሰጣት። «የፕላዝማ ድምፅ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ተዘግቷል» ይላል። ማን እንደ ዘጋው አይልም።

«የዘጋኸው አንተ ነህ» አለችው።

«ቅጹ የሚጠይቀው ስለ መምህሯ ነው። ለገምጋሚው ቦታ የለውም።»

«ታዲያ ለምን ዘጋኸው?»

ከመጣ ጀምሮ ገና አሁን ዓይኗን አየ። «ልጅቷ አልገባትማ» አለና የምትፈርምበትን እስክሪብቶ አቀበላት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ሰኞ አሥረኛ ዲ ለሌላ መምህር ተሰጠ። ብዙወርቅን ያንገበገባት ግን የክፍሉ መነጠቅ ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስተማር አያውቅም እያለች ስትጽናና ኖራለች። ያውቃል። ከእሷም አሳምሮ ያውቃል።