ሹክሹክታ ዝም ባለ ጊዜ

ደንቡ አንድ መስመር ነው፦ «በተሰጠው ጊዜ መልስ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል።» ሲጸድቅ ተቃውሜ ተሸንፌአለሁ። እንዲህ ያለ ደንብ የሚወዱ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሥራ የበዛባቸው ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሌላውን ሰው ዝምታ የመተርጎም ሥልጣን ግን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም።

ታማራክ ኮምፒውተርን ከላይ እስከ ታች የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። ባለቤት ኩባንያ የለውም፤ እኛው ከሥራ መልስ በነጻ እንሠራዋለን። እያንዳንዱ ፕሮግራም በጥቅል ይታሸጋል፣ እያንዳንዱ ጥቅልም ጠባቂ አለው። በዚያ የበረዶ ወቅት ብዙ ጥቅሎች የሚጋሩት የድምፅ ኮድ አርጅቶ በአዲስ እየተተካ ነበር። እንዲህ ሲሆን በአሮጌው ላይ የቆሙት ሁሉ አብረው መሻገር አለባቸው፤ ያልተሻገረ ከሚመጣው የሥርዓቱ እትም ይወጣል። ሽግግሩን የሚመራው ደንስተን ኦልድፊልድ ነበር፤ ዊኒፔግ የሚኖር የሒሳብ መምህር።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን እየበላሁ የሚወጡትን ጥቅሎች ሳይ «ሹክሹክታ»ን አገኘሁት። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሹክሹክታ በኮምፒውተር ማያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ጠባቂዋ ሶላንዥ ቴሲየር ናት። ዛሬ ቀትር ላይ የመሻገሪያው በር ይዘጋል ይላል ዝርዝሩ።

ደንስተን ጋ ደወልኩ። እኛ ዘንድ መደወል ነውር ነው፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ፣ በአደባባይ ነው። የእሱን ቁጥር የያዝኩት በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ ክፍል ስለተጋራን ብቻ ነው።

«ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

«ሹክሹክታን ልታወጣ ነው?»

«ጻፍኩላት። ደግሜ ጻፍኩላት። ዝም አለች።»

«ሶላንዥ ዝም አለች? ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ብትንሸራተት ሦስት ገጽ የምትጽፍ ሴት?»

«ሰው ይሰለቻል፣ ዌንደል። እኔስ የማልሰለች ይመስልሃል? አሮጌው ኮድ ቀዳዳ አለው፣ ሌባ ይገባበታል። አንድ ጥቅል ሁሉንም ይዞ ሊያቆም አይችልም። ደግሞ አንድም ተጠቃሚ አልጮኸም። የሚፈልገው ሰው ቢኖር ይጮህ ነበር።»

«መቼ ነው ዝም ያለችው?»

«አዲሱን ኮድ የሙከራው ቅርንጫፍ ላይ ከለቀቅነው በኋላ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ጠባቂዎች ሁላችንም የምንጠቀመው የሙከራውን ቅርንጫፍ ነው፤ ያልበሰለውን መጀመሪያ የምንቀምሰው እኛ ነን።

«አንተ ሰው! ደብዳቤህን በምን የምታነበው ይመስልሃል? ሶላንዥ እኮ አታይም!»

 ደንስተን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን ነገረኝ?» አለ።

«ስንት ዘመን አብረሃት ሠርተህ?»

«ስለ ዓይኗ አውርተን አናውቅም፤ ስለ ሥራ ነው የምንጻጻፈው። ስማ፣ አዝናለሁ። ግን እስከ ቀትር በራሷ ፊርማ ጥቅሉን ካላስገባች ደንቡ ደንብ ነው። ለአንድ ሰው ከከፈትኩት ነገ ሃምሳው ይሰለፋል።»

ዘጋሁበት።

ቤቷን አውቀዋለሁ። ሁለታችንም የምንኖረው ሰድበሪ ከተማ ነው፤ አንድ ጊዜ በእኛ ልማድ መታወቂያዋን አይቼ የፊርማ ቁልፏን፣ ጥቅሏን የምትፈርምበትን ምሥጢራዊ ኮድ፣ ያረጋገጥኩላት ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው። መኪናዬን በረዶ ላይ እያንሸራተትኩ ደረስኩ።

«ማነው?»

«ዌንደል ነኝ።»

«ተመስገን! ከታማራክ እግር ያለው ሰው አለ ማለት ነው።»

ኮምፒውተሯ ማሻሻያውን ተቀብሎ ዲዳ ሆኖባት ነበር። በጣት የምታነብበት መሣሪያም መንገዱ በሹክሹክታ በኩል ስለሆነ አብሮ ሞቷል።

«ስልክሽስ?»

«ስልኬም ታማራክ ነው። የኩባንያ ስልክ አልይዝም ብዬ ስንት ሰው ሰድቤ የለ? ሁለቱንም በአንድ ቀን አሻሻልኳቸው።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ጎረቤቴ ሬዣን ስልኩን አየልኝና፣ ጥቁር ላይ ነጭ ነው፣ የሰው ቋንቋም አይደለም አለኝ። ከዚያ ወዲህ በጭፍን እየጻፍኩ ነው። ምን እንደመለሰልኝ ግን አልሰማም።»

ነገሩን ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ።

«ተስማምታለች ተባልኩ?»

«በደንቡ።»

«ማስተካከያውን ጨርሼ አስቀምጬዋለሁ እኮ! ማሸግ፣ መሞከር፣ ፈርሞ መላክ ነው የቀረው። ቁጭ በልና አንብብልኝ።»

«ማያው የት አለ?»

«ማያ ምን ያደርግልኛል?»

ሬዣን ጋ ሮጥኩ። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ ነቅዬ ስወስድበት፣ «የማታው የሆኪ ጨዋታ ሲጀምር እዚህ ካልተሰቀለ አንተን ነው የምሰቅለው» አለኝ።

ከኮምፒውተሯ ጋር ሳገናኘው ጽሑፉ መጣ። ማንበብ ጀመርኩ።

«እዚህ ጋ ስሕተት አለ ይላል፤ የደንስተን ሰዎች ያበላሹት መሰለኝ፣ እንደ ልማዳቸው...»

«አትተርጉምልኝ! ያለውን አንብብ።»

«ያው ነው...»

«ያው አይደለም። ነጥብ ካለ ነጥብ በል። ክፍት ቦታ ካለ ክፍት ቦታ በል። አንተን አልጠየቅኩህም፣ ማያውን ነው የጠየቅኩት።»

በሕይወቴ ያለ አስተያየት አንድ ገጽ አንብቤ አላውቅም፤ ያን ቀን አነበብኩ። ስሕተቱ አንዲት የተዘለለች ነጥብ ነበረች፤ በጭፍን ስትጽፍ ያመለጠቻት። አረመችው፤ ጥቅሉ ከመጀመሪያው መታሸግ ጀመረ። አሮጌ ማሽን ነው፣ ያቃስታል። ሰዓቱን አየሁ። እሷም ከሩቅ የከተማው የማዕድን ማውጫ ፊሽካ ሲነፋ ሰምታ፣ «ቀትር ሆነ» አለች።

እሽጉ ሲያልቅ መሸት ብሏል፤ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል። ደንስተን ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ደንስተን፣ ሶላንዥ ነኝ። እንግዲህ ድምፄ ይኸውልህ።»

«ሶላንዥ... እኔ... አላወቅኩም ነበር።»

«እሱን ተወው። ጥቅሉ ዝግጁ ነው። ክፈትልኝ።»

«አልችልም። ካለቀ በኋላ ከከፈትኩ የተሻገሩት ሁሉ እንደገና መፈተሽ አለባቸው፤ እትሙ ይዘገያል። እሱን የሚጠብቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። ደንቡ...»

«ደንቡን አንብብልኝ።»

«ታውቂዋለሽ።»

«መጀመሪያ ማያህን አጥፋ። ከዚያ አንብብልኝ።»

ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። ሕፃኑም ተኝቷል መሰለኝ። ሶላንዥ ራሷን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። እኔ አፌን ልከፍት ስል እጇን አነሳችብኝ።

«ዝም አልክ» አለችው። «ተስማምተሃል ማለት ነው?»

«ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሶላንዥ።»

«እኔም አልሳቅኩም።»

ረዥም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ። «ከፍቼዋለሁ። ቶሎ በሉ። ሲሰድቡኝ ግን እናንተም አላችሁበት።»

ፈረመች፤ ላከች። አዲሱን ጥቅል መጀመሪያ በራሷ ማሽን ላይ ጫነችው። የሹክሹክታ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ ተመልሶ ክፍሉን ሞላው፤ ሶላንዥም ዓይኖቿን ጨፍና ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

የደብዳቤ ሣጥኗን ከፈተች። ሹክሹክታ ማንበብ ጀመረ። «ከደንስተን ኦልድፊልድ። የመጀመሪያ ማሳሰቢያ።» ቀጥሎ ሁለተኛው። ቀጥሎ የመጨረሻው፦ «መልስ ባለመስጠትዎ እንደተስማሙ ተቆጥሯል፣ ነጥብ።» ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«አሁን ተጠቃሚዎች የላኩትን» አለች ለራሷ፤ ቁልፍ ነካች።

«አዲስ ደብዳቤ የለም፣ ነጥብ» አለ ማሽኑ።

እንደገና ነካች። ያንኑ አለ።

ደንስተን የነገረኝ ትዝ አለኝ፦ አንድም ተጠቃሚ አልጮኸም።

«የሙከራውን ቅርንጫፍ የሚጠቀሙት ዓይነ ስውራን እኔ ብቻ አይደለሁም» አለች። «ይጽፉልኝ ነበር። ሬጃይና ያለችው የፒያኖ አስተካካይ፣ ሃሊፋክስ ያለው ተማሪ። የእነሱም ማሽን ዲዳ ሆኗል። ጥቅሉ ቢደርሳቸው እንኳ ማን አንብቦላቸው ይጭኑታል?»

«ስልክ ቁጥራቸውን ታውቂያለሽ?»

ፊቷን ወደኔ አዞረች። «የማን ቁጥር ይኖረኛል? እኛ ዘንድ መደወል ነውር አይደል?» አለች።

ሬዣን በሩን መደብደብ ጀመረ፤ ቴሌቪዥኑን ፈልጎ።