ድምፅ የሌላት ሳይክል

ጣይባ ፍሬኑን ስትጨብጥ የፊተኛው ጎማ ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ተረከዝ ሊደርስ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር። የኋለኛው ተሸካሚ ዞር ብሎ ሲያያት ደነገጠና ተደናቀፈ። የእማማ ሸዋረጋ አስከሬን ያለበት ቃሬዛ ወደ ግራ ዘመም አለ። ሌሎቹ ወንዶች ተረባርበው ቀና አደረጉት።

"ከየት መጣሽ? ከመሬት በቀልሽ?" አላት ተሸካሚው ላቡን እየጠረገ።

"አፉ በሉኝ። ወላሂ፣ አፉ በሉኝ" አለችና ወርዳ ሳይክሏን እየገፋች ከሰልፉ መጨረሻ ተሰለፈች።

ደወል ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። አውራ ጣቷ ደወሉ ላይ ነበር። ግን በሬሳ ኋላ ቂል ቂል ማድረግ ነውር መሰላት። ሳይክሏ ደግሞ በመብራት የምትሄድ ናት፤ ሞተሯ እንደ ድመት ኮቴ አይሰማም። እንግዲህ አከበርኩ ብላ አስደነገጠች።

ሳይክሏን ያመጣላት ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር ወንድሟ ሙንዚር ነው። ኮምቦልቻ ካወረደላት በኋላ በአይሱዙ ጭና የሐረጎን ዳገት አሻቅባ ደሴ አስገባቻት። ይኸው ሦስት ወሯ። ማታ ማታ ባትሪዋን ነቅላ ቤት ታስገባና እንደ ሞባይል ትሰካታለች። መብራት ሲጠፋ ያው ፔዳል አላት። የሰኞ ገበያን ዳገት ላብ ሳይወጣት ትወጣዋለች፤ ከቤቷ ደጃፍ ቦሩ ሜዳ ግማሽ ሰዓት ነው።

ጣይባ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ቀኑን ሙሉ ደምና መግል የነካው አንሶላ ስታጥብ አይቀፋትም፤ የታመመ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ ትላለች። የሚቀፋት ሚኒባሱ ነበር። እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ትጠብቃለች። ከሞላም በኋላ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ!" እያለ አምስት ሰው ይጨምራል። ካለፈው ሳምንት ያልታጠበ ትውከት መቀመጫው ሥር ደርቆ ይሸታል። መስኮቱ አይከፈትም። በመጣበቡ አሳብቦ ጭኗ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ወንድ አይጠፋም። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላለሰች። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትታጠበው የሥራውን ሳይሆን የመንገዱን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ እንደ ልማዱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጠ። የዚያ ሰፈር ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚቀብር ነው። ዳኛው አቶ አግማስ በቦሩ ሜዳ መስመር ሁለት ሚኒባስ ያሰማራሉ። ስም ከተጠራ በኋላ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ጣይባ፣ ተነሽ።"

ተነሣች።

"በሬሳ ላይ በመኪና መጣሽ።"

"በሳይክል ነው፣ ጋሽ አግማስ።"

"መኪናማ ቢሆን ይሰማ ነበር።"

"ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሰይጣን ብቻ ነው" አለች ሐዋ ከሴቶቹ መሀል።

"ባልሽስ ማታ እንዴት ነው የሚገባው?" አላት መቃብር ቆፋሪው ሽማግሌ ቡዜ። ሰው ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ ሳቀ።

አቶ አግማስ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ለቅሶ ቤት ሦስት ጀሪካን ውኃ ትቀጃለሽ። ሁለተኛ፣ ይህቺን ነገር ትተዪያታለሽ። ሴት ልጅ እንደ ጆቢራ አሞራ መንገድ ላይ አትበርም። እንደ ሰው በሚኒባስ ተመላለሺ። እምቢ ካልሽ ስምሽ ይሰረዛል።"

ጣይባ ወደ ቤቷ አቅጣጫ አየች። እናቷ ፋጡማ አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸዋል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤት ሞት ሲገባ ማን ይቆፍራል? ማን ይሸከማል? ጎረቤት ልቅሶውን በሩን ዘግቶ ነው የሚሰማው።

"የመጀመሪያው ልክ ነው" አለች። "ጥፋቴ ነው። ሦስት ካላችሁ ስድስት እቀዳለሁ። ሁለተኛው ግን የእማማ ሸዋረጋ ጉዳይ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"እርስዎ ያውቁታል። አምና ሁለት ቀብር አምልጦኝ ቀጥታችሁኛል። የት ነበርኩ? ቦሩ ሜዳ፣ የእርስዎ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ። ዛሬ መርዶውን በስድስት ሰዓት ሰማሁ፣ አስፈቅጄ በግማሽ ሰዓት ደረስኩ። ባልመጣ ይሻል ነበር?"

ቡዜ አፈር ከጥፍሩ እየፈለቀቀ፣ "እኔ በምን መጣችሁ ብዬ አላውቅም። ብቻ ኑ" አለ።

አቶ አግማስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አባት ልጁን እንደሚመክር ለስለስ አሉ። "ልጄ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። እማማ ፋጡማን ማን ይቀብርልሻል? ይኼን አስበሻል? እስከ ሣልስቱ አስቢበት።" አጠገባቸው ወደቆመው ሚኒባስ በከዘራቸው ጠቆሙ። "አሁንም በነፃ ያድርስሽ፣ ግቢ።"

ጣይባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያ የሚኒባሱ ሽታ ከሰውዬው አፍ የወጣ መሰላት። በሕይወት ባሉት እናቷ ሞት ደንበኛ ሲሰበስቡ! ምራቋን ዋጠች፤ ቀብር ላይ አይተፋም።

ለቀስተኛው ሚኒባሱ ላይ ተጨናነቀ። ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ፣ "ነይ እንጂ እህቴ፣ ቦታ አለ! ጠጋ ጠጋ በሉላት!" ይላል። ውስጥ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል።

ጣይባ ሳይክሏን ወደ ቤቷ ነዳች። ከቤቷ ቢጫ ጀሪካን አምጥታ ከቦኖው ሞላችና የሳይክሏ ኋላ ላይ በገመድ ጠፈረችው። ሰው በጀርባው እያጎነበሰ በሚወጣው ዳገት ሳይክሏ ውኃውንም እሷንም ይዛ ወጣች።

ለቅሶ ቤቱ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ድንኳኑ ገና አይታይም፤ የሴቶቹ ድምፅ ግን ይሰማል። ያልተሳፈረችበት ሚኒባስ ለቀስተኛውን አራግፎ ጥግ ላይ ቆሟል፤ አቶ አግማስ ከዘራቸውን ተደግፈው ሚኒባሱ በር ላይ ናቸው።

ጣይባ ሳይክሏን አቆመች። አውራ ጣቷን ደወሉ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሁለት ጊዜ ደወለች። ቂል፣ ቂል።

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት፣ "ጣይባ ናት፣ መንገድ ልቀቁላት" ስትል ተሰማ።

ወርዳ እየገፋች ገባች። ውኃውን አውርዳ ገልብጣ ስትወጣ አቶ አግማስ እያዩዋት ነበር።

"አምስት ይቀራል፣ ጋሽ አግማስ" አለቻቸውና ባዶውን ጀሪካን አስራ፣ ከድንኳኑ እስክትርቅ ገፍታ፣ እዚያው ፊታቸው ወጣችባት።