ከድልድዩ ሥር የተንጠለጠለው ጎዝ

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲገባ፣ የልጄ ልጅ ሰናይት ሦስት ቀን በትኩሳት ተኝታ ስትነሣ ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ገና አራት ዓመቷ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «መተት ነው» እያለ ጆሮዬን በላው። አልዋሽም፣ እኔም አመንኩ።

በሳምንቱ መተቱን ፍለጋ ከቤታችን በታች ወረድኩ። ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ድልድይ ሥር፣ የሰፈሩ ሽንት ቤት ሁሉ የሚፈስበት ቦይ ውስጥ፣ በሲባጎ የታሰረ የቁስል ጎዝ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ወዲያው «ጀዊሪያ ናት!» አልኩ። ባለሱቋ ጀዊሪያ ማለት በአጥር ተጣልተን ሦስት ዓመት የተኳረፍን ጎረቤቴ ናት። ጎዙን በጣሳ ይዤ ሱቋ በር ላይ ቆምኩ።

«ያስደገምሽብኝን ውሰጂ!»

ልጇን እንዳቀፈች ወጣች። «እማማ ደሳለች፣ ላስደግም ብል ለርስዎ ምላስ ነበር የማስደግመው። ከሕፃን እግር ምን አለኝ?»

ሰው ተሰበሰበ። በመሃል አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ ነጭ ጋዋኑን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ እያለከለከ መጣ። ነገራ እንደሚባልና ላቦራቶሪ እንደሚሠራ ተናገረ።

«እማማ፣ እሱ የኔ ነው። ፍሳሹ ውስጥ ሦስት ቀን መቆየት ነበረበት። ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ጨምቀን በሽታ እንፈልግበታለን። የሰው ሆድ ውስጥ ያለ ቫይረስ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በዓይን አይታይም።»

«ካልታየ በምን ታገኘዋለህ?»

«ከጦጣ ኩላሊት ወስደን በጠርሙስ የምናሳድገው ነገር አለ። ጭማቂውን አጣርተን እሱ ላይ እናደርጋለን። ቫይረሱ ካለ ያ ነገር ይሞታል።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ከዚህ በፊት እዚህ አንጠልጥለህ ታውቃለህ?»

«በሚያዝያ።»

«ሞተ?»

እጁን ወደ ጣሳው ዘረጋ። ወደ ኋላዬ ደበቅሁት።

«ሞተ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የልጆች እግር የሚያሰልል ቫይረስ ነው። ለበላይ አካል ሪፖርት አድርገናል።»

በሚያዝያ! ሰናይት በሚያዝያ እዚያው ቦይ ዳር እየሮጠች ትጫወት ነበር።

«የጦጣ ኩላሊት አውቆ እኔ አያቷ ሳላውቅ? የበላይ አካል የምትለው ልጁን እዚህ ቦይ ነው የሚያጫውተው?»

«እማማ፣ እኔ እንድናገር አልተፈቀደልኝም...»

«መድኃኒት የለውም?»

«ሳይዝ የሚከላከል ጠብታ አለ፣ በአፍ የሚሰጥ። ለዚህ ቀበሌ ግን ለመስከረም ነው የተያዘው።»

ቤት የሰናይት ወንድም፣ የስምንት ወሩ ፀሐዬ፣ መሬት ለመሬት ይድሃል። የጀዊሪያ ልጅ ደግሞ እዚሁ ከፊቴ እናቱ ክንድ ላይ ተኝቷል። መስከረም! ይቅርታ አልጠየቅኋትም። «ሱቅሽን ዝጊ፣ ቀበሌ እንሂድ» አልኳት። ዘጋች።

ሊቀመንበሩ ጓድ አጥናፉ ገና ሳልጨርስ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ይሄ ሕዝብ የሚያሸብር ወሬ ነው! ፀረ አብዮት ያሰኛል፣ እማማ!»

ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ጎዙ ቃለ ጉባኤው ላይ ተዘረጋ፣ ቆሻሻው ተንጠባጠበ። ጓድ አጥናፉ ተፈናጥሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ወሬ ከሆነ ምን አስፈራህ? በል በእጅህ አንሣው!»

አላነሣም።

«ጠብታው እስኪመጣ እኔም ጎዙም ከዚህ አንነሣም» ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጀዊሪያ ከነልጇ አጠገቤ ተቀመጠች። ተከትሎን መጥቶ በር ላይ የቆመው ነገራ የጤና ጣቢያውን ቁጥር ተናገረ። ጓድ አጥናፉም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ስልኩን አነሣ።

በማግስቱ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ጠብታውን በረዶ ባለበት ሣጥን ይዛ ቀበሌ መጣች፤ እኔም የልጅ ልጆቼን ከቤት አመጣሁ። ፀሐዬ የመጀመሪያውን ተፋው፤ ደገመችለት። የጀዊሪያም ልጅ ወሰደ። ከዚያ ሰናይትን ከጀርባዬ አወረድኳት።

«ለእሷም ይሰጣታል» አለች ነርሷ።

«እግሯን ይመልሳል?»

«አይመልስም፣ እማማ።»

ከዚያ ሁሉ ባለ ሥልጣን እውነቱን ሳልጎትተው የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷንም አላመሰገንኳትም። ሰናይትን አዝዬ ፀሐዬን አቅፌ ወጣሁ።