ዜሮ ነጥብ ስምንት

የአባቷ እግር ጫማ እምቢ ካለ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቱ ተጫን አደረገና፣ ጣቱ የተወውን ጉድጓድ እያየ፣ «እኚህ ሰው ተደብቀው ጨው ይበላሉ» አለ። ያለው ለሚስታቸውና ለልጃቸው ነው፤ ሽማግሌው እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ።

አባትየው አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ለሳቸው የታተመ ነገር ሁሉ አንድ ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ያሳለፈው ነውና ይታመናል። ኩላሊታቸው ደክሞ ጨው ከተከለከሉ ወዲህ ምግብ ሁሉ ጭድ ጭድ ቢላቸውም አንዲት ደስታ ቀርታላቸው ነበር፤ እሷም ልጃቸው የጥራት መርማሪ ሆና የምትሠራበት ፋብሪካ የቺዝ ሶስ ናት። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ በማጉያ መነጽር ያነባሉ፦ በመቶ ግራም፣ ቅባት ዘጠኝ፣ ፕሮቲን አራት፣ ጨው ዜሮ ነጥብ ስምንት። ከዚያ በወጥ ቤት ሚዛን መቶ ግራም ለክተው የተቀቀለ ድንች ላይ ያፈሱና፣ የበሉትን ጨው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ደብተሩ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።

ታዲያ እግሩ ለምን ያብጣል? እናትየው ኪስ ፈተሹ፣ ትራስ ገለበጡ፣ አንዴማ የመነጽሩን ማኅደር ሳይቀር አሸተቱ። ልጅቱም ከእናቷ አልተሻለችም።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከየት ነው የምታመጣው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ደብተሩን ገፋ አደረጉላት። «ቁጥሩ ይኸው። የለካሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ልጅቱ ደብተሩን ሳትገልጥ መልሳ ገፋችው። ፋብሪካው በየቀኑ የሚያወጣው ሶስ ጨው ዜሮ ነጥብ ስምንት ካልሆነ ሰባት ወሩ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ሠራተኞቹ «ሚዛኗ» ይሏታል። ላብራቶሪዋ ከማብሰያው ጋን ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ በቀለም ተጣብቆ የማይከፈት ጠባብ ክፍል ናት። ከሰባት ወር በፊት ከሶሱ ቺዝ ተቀነሰ፣ በምትኩ ስታርችና ዘይት ገባ፣ የጠፋው ጣዕም በጨው ተጠገነ። ለክታ ስትጨርስ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጠች። ሥራ አስኪያጁ የእናቷ ወንድም ነው፤ ያስቀጠራትም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ጨው ሁለት ነጥብ አንድ ነው የወጣው።»

«አውቃለሁ ልጄ። የታተመው ተለጣፊ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት!»

«ከተለጣፊው ጋር ይስማማል» በሚለው ቅጽ ግርጌ ፈረመች። ተለጣፊው አለቀ፤ አዲስ ታትሞ መጣ፤ ቁጥሩ ያው ዜሮ ነጥብ ስምንት። ያኔ መናገር ፈልጋ ነበር። ግን ሃያ ቅጽ ላይ ፈርማ ሃያ አንደኛውን እምቢ የምትለው ምን ብላ ነው? ስለዚህ ፈረመች። በማግስቱም ፈረመች። እያንዳንዱ ፊርማ የመመለሻውን በር ይዘጋ ጀመር፤ ቁልፉም ግድግዳውም የራሷ እጅ ሥራ ሆነ።

ሕሊናዋን ያስተኛችው በአንድ ዘዴ ነው። ከለውጡ በፊት የተሠራውን፣ ሰማያዊ ክዳን ያለውን ሶስ አምስት ካርቶን ለይታ ለአባቷ ቤት አስገባች። የሌላው ሰው አባትስ? ለዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

እንግዲህ አባቷ ከጠረጴዛው ላይ የሚበሉት ንጹሑን ሶስ ነው፤ እግራቸው ግን ያብጣል። ስለዚህ ሽማግሌው ዋሽተዋል። ይህን በማስረጃ ልትረታቸው አስባ አንድ ማለዳ ከሰማያዊ ክዳኑ ጠርሙስ ሁለት ማንኪያ ጨልፋ ወደ ሥራ ይዛ ሄደች።

ሶሱን በጥብጣ፣ አጥልላ፣ ቢጫውን ጠቋሚ ቀለም ጨመረችበት። ከዚያ ቁጥር ካለበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨው የሚለካበትን የብር ናይትሬት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ታደርግ ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጨው ሲያልቅ ቢጫው እንደ ሸክላ ይቀላል፣ ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። የድሮው ሶስ ስምንት ላይ ይቀላ ነበር። ስምንት ደረሰ፤ ቢጫ። ዐሥር፤ ቢጫ። «ቅላ እንጂ!» አለችው ድምፅ አውጥታ። ዐሥራ አምስት፤ ቢጫ። የቀላው ሃያ አንድ ላይ ነው።

ስልክ አነሳች። «እማዬ፣ ይሄ ባለሰማያዊ ክዳኑ ሶስ ከየት የመጣ ነው?»

«እሱማ ካለቀ ሁለት ወሩ! አጎትሽ በባልዲ ላከልኝ እንጂ። አባትሽ ሌላ ጠርሙስ ካየ ነገር ፍለጋ ይጀምራል ብዬ፣ የድሮውን እያጠብኩ እገለብጥበታለሁ። ወንድሜ ያው ነው ብሎኛል። ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?»

ስልኩን ገና ሳትዘጋ አጎቷ የዕለቱን ቅጽ ይዞ ገባ። ቀዩን ብርጭቆ አሳየችው፤ ምን እንደሆነ ነገረችው። ፊቱ ልውጥ አለ።

«የሱ ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም» አለ፤ እውነቱንም ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልዲውን ድፊው፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ነገሩም ያልቃል። ብትናገሪ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ፊርማው ነው። ፊርማው የማን ነው?»

እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አስቀመጠላትና ወጣ። ቅጹን አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ከተተች፤ ለምሳ ነው ብላ ወደ ቤት ሄደች።

አባቷ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ነበር። ገና ከመግባቷ፣ «ቁጭ በይ» አሏት። «ጨው ሰርቄ በልቻለሁ። ይቅር በይኝ፣ ከእንግዲህ አይለመደኝም።»

«አላልኩም!» አሉ እናትየው ከወጥ ቤት።

«የት ደብቀኸው ነበር?» አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው ወደ ጓዳው አዩ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፤ አርባ ዓመት የሰው ስህተት ለቅመው አንዲት የራሳቸው ውሸት ማሳመር አቃታቸው።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ። «ወይ እኔ ዋሽቻለሁ፣ ወይ ያንቺ ቁጥር ተሳስቷል። አንቺ ደግሞ አትሳሳቺም።»

በሩ ተከፍቶላት ነበር። ባልዲው ይደፋል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ አባቷ ሌባ ተብለው ይቀራሉ፣ እሷም ነገ ትፈርማለች። ፈለገችው። እግዜር ያውቃል፣ አጥብቃ ፈለገችው።

ከደብተሩ ውስጥ ቀዩን የእርማት እስክሪብቶ መዘዘች፤ ጠርሙሱን አቅርባ ዜሮ ነጥብ ስምንትን ሰረዘችና ከጎኑ ሁለት ነጥብ አንድ ብላ ጻፈች። ሽማግሌው ማጉያውን አነሡ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ማን ነው ያሳለፈው?» አሉ፤ በማተሚያ ቤት እንደሚጠይቁት።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር የምትሉ አትሳሳቱም። ቀጥሎ የመጣው ግን ያላሰበችው ጥያቄ ነው።

«ስንት ቅጂ ወጥቷል?»

«በቀን አራት ሺህ ጠርሙስ። ሰባት ወር።»

ማጉያው ከእጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወረደ። «ጫማዬን አቀብይኝ» አሉ። «የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ከሰዓት ክፍት ነው።»

ተንበርክካ ልታጠልቅላቸው ሞከረች። እግሩ አልገባም፤ ማሰሪያውን ብትፈታም አልገባም። ነጠላ ጫማ አደረጉና ተነሡ፤ ክንዷንም ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሊደገፏት ይሁን እንዳታመልጥ ብለው ይሁን፣ እስከ በሩ ድረስ ልትለየው አልቻለችም።